የአገሬ ልጅ ነው ብዬ 6,792 ዶላር ልክፈል?

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው አሜሪካ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ለሥራ ብቻ በቀን ደርሶ መልስ 40 ማይል እነዳለሁ። አሮጌው መኪናዬ ይሄዳል፤ ቤንዚን ግን እንደ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን አዲስ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና) ለመግዛት ወሰንን። በኢንተርኔት ያየሁት ዋጋ 38,000 ዶላር ነበር። ዲለሩ (የመኪና መሸጫ ድርጅቱ) ዘንድ ስደርስ ግን ከፋብሪካው የዋጋ ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «የገበያ ማስተካከያ» 4,000፣ የቀለም መከላከያ 1,295፣ መስታወት ላይ ቁጥር ለመቅረጽ 399፣ ለጎማ ናይትሮጅን 199 ይላል። ሒሳቡ ሲጠቃለል የሰነድ ማዘጋጃ ተብሎ 899 ተጨመረ።

ሻጩ የአገሬ ልጅ ነው። በጣም ትሑት ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሰለች አስረዳኝ። ስለ «ገበያ ማስተካከያው» ደግሞ «እኔ ባልኖር ኖሮ በ4,000 ፈንታ 6,000 ነበር የሚጭኑብሽ» አለኝ። 500 ዶላር ቀብድ ሰጠሁት፤ እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ ሊይዝልኝ ቃል ገባ። በስድስት ዓመት ብድር ሲከፋፈል ልዩነቱ በወር 116 ዶላር ብቻ ነው ብሎኛል። ባለቤቴ «ይቅርብን» ይላል። እኔ ግን መኪናውን ወድጄዋለሁ፤ ልጁንም ማስቀየም ከበደኝ። ምን ይመክሩኛል?

ከሌሊት ፈረቃ ሠራተኛዋ

እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ቁጥሮቹን ደመርኩ፤ 6,792 ዶላር መጣ። ሁለተኛ ሳነበው ያስቆመኝ «ማስቀየም ከበደኝ» ያሉት ነው። ስለ መኪናው የጻፉት «ወድጄዋለሁ» የሚል አንድ ቃል ሲሆን ስለ ልጁ ግን ትሕትናውንም፣ ትዕግሥቱንም፣ ቃል መግባቱንም ዘርዝረዋል። ስለዚህ ከልጁ ልጀምር።

ጥሩ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ አይደለም። ወረቀት ይዞ ወደ ጓዳው ሲመላለስ አይተውት ይሆናል፤ ቁጥሩን የሚጽፈው እዚያ ውስጥ የተቀመጠው የሽያጭ ኃላፊ ነው። አብዛኞቹ ሻጮች ደግሞ የሚኖሩት በኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ዲለሩ ከመኪናው ላይ ካገኘው ትርፍ ነው። እንግዲህ «እኔ ባልኖር 6,000» ያለው እውነት ቢሆን እንኳን፣ ሳይጭኑብዎት የቀሩት ሸክም ውለታ ሆኖ ሊቆጠርብዎት አይገባም። ሁለት ሰዓት ማስረዳቱም ሥራው ነው። እርስዎ ሆስፒታል ውስጥ የአገርዎ ሰው ታሞ ቢመጣ በደንብ ያስታምሙታል እንጂ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመው የትሕትና ዋጋ አይጠይቁትም።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም አንድ ሻጭ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ የአገር ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ። ስለ ትምህርት ቤት ዘመናችን አንድ ሰዓት ካወራን በኋላ «የዝገት መከላከያ» የሚል መስመር አሳየኝ፤ 1,100 ዶላር። ከእንደዚያ ያለ ጨዋታ በኋላ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝና ፈረምኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ መኪናውን ዞራ ዞራ አየችው፤ ጎንበስ ብላም ከሥሩ ተመለከተች። «የቱ ጋ ነው የተቀባው?» አለችኝ። እስካሁን አላገኘሁትም። መኪናውን ከሸጥኩት ቆይቷል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ። በመስኮቱ ላይ ከተለጠፉት ሁለት ወረቀቶች አንዱ የሕግ ወረቀት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ አዲስ መኪና ፋብሪካው የጠቆመውን ዋጋ፣ የተጨመሩለትን ዕቃዎችና ከፋብሪካ ወደ ዲለሩ የተጓጓዘበትን ክፍያ የሚዘረዝር ወረቀት እንዲለጠፍበት ያስገድዳል። በዘመኑ ሕጉን ባቀረቡት የኦክላሆማ ሴናተር ስም «ሞንሮኒ» ይባላል። መኪናው ገዢው እጅ ሳይገባ ይህን ወረቀት መንቀል በሕግ ያስቀጣል። ሁለተኛው ወረቀት ግን ዲለሩ በራሱ ማተሚያ ያወጣው ነው። ፊደሉም፣ ቀለሙም፣ አሠላለፉም ከመጀመሪያው ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ስለሚሠራ ብዙ ሰው ሁለቱንም ከፋብሪካ የመጡ አድርጎ ያያቸዋል። እርስዎ ለይተው ማየትዎ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ የማጓጓዣው ክፍያ በመጀመሪያው ወረቀት ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ገብቷል። በውሉ ላይ እንደገና ብቅ ካለ ሁለት ጊዜ እየተከፈለ ነው ማለት ነው።

«የገበያ ማስተካከያ» የሚለው ስም ደግሞ ያስቀኛል። ማስተካከያ ሲባል የተጣመመ ነገር ያለ ይመስላል። በተራ አማርኛ «ፈላጊው ስለበዛ ጨምረናል» ማለት ነው። ሕገ ወጥ አይደለም። የፋብሪካው ዋጋ ጥቆማ ነው፤ ዲለሩም ራሱን የቻለ ነጋዴ ስለሆነ ከዚያ በላይም በታችም መሸጥ ይችላል። ልማዱ የገነነው በ2021 የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎቹን ባስቆመበት ጊዜ ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ ሦስት መኪና የቀረው ነጋዴ የፈለገውን ጠራ። እጥረቱ ካለፈ በኋላ በብዙ መኪኖች ላይ ጭማሪው ቀርቷል፤ በሃይብሪዶቹ ላይ ግን አሁንም ብቅ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ጭራሽ በቤንዚን ብቻ የሚሄድ ዓይነት መሥራት ትተዋል። ቶዮታ ሲዬናን ከ2021፣ ካምሪን ከ2025 ሞዴል ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ ነው የሚያወጣቸው።

እርስዎ ሃይብሪድ የፈለጉት ቤንዚን ለመቆጠብ ነው። እስቲ አንድ ወረቀት ያውጡና አብረን እናስላ። በዓመት 12,000 ማይል ይነዳሉ እንበል። ተመሳሳይ መጠን ያለው አዲስ የቤንዚን መኪና በጋሎን 30 ማይል ቢሄድ በዓመት 400 ጋሎን ይፈልጋል። ሃይብሪዱ በጋሎን 40 ማይል ቢሄድ 300 ይበቃዋል። ልዩነቱ 100 ጋሎን ነው። ጋሎኑን በ3.50 ዶላር ብናስበው በዓመት የሚቆጥቡት 350 ዶላር ይሆናል። «የገበያ ማስተካከያው» ብቻ 4,000 ነው፤ ይህን ከቤንዚን ቁጠባ ለመመለስ ከ11 ዓመት በላይ መንዳት አለብዎት ማለት ነው።

«የለም፣ እኔ የማወዳድረው ከአሮጌው መኪናዬ ጋር ነው» ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። አሮጌው በጋሎን 20 ማይል ብቻ የሚሄድ ከሆነ በዓመት 600 ጋሎን ይጠጣል፤ ቁጠባው ወደ 1,050 ዶላር ያድጋል። ልጁ «116 ብቻ» ያለዎትን ደግሞ በ72 ወር ያባዙት፤ ወለዱን ጨምሮ 8,352 ዶላር ይመጣል። ለ1,050 ሲያካፍሉት ስምንት ዓመት ገደማ። ብድሩ የሚያልቀው በስድስት ዓመት ነው። ስለዚህ ብድሩን ጨርሰው እንኳን ሁለት ዓመት ያህል ለዚያች ለሁለተኛዋ ወረቀት እየነዱ ነው። ለዚህ ነው «በወር ስንት ትችያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ የማልወደው። በወር ሲቆራረጥ የማያንስ ገንዘብ የለም፤ ቤትም ቢሆን በሰዓት ቢከፋፈል ርካሽ ይመስላል።

በዚያ ላይ ጭማሪው የመኪናው ዋጋ አካል ሆኖ አይቆይም። እግዚአብሔር አያድርገውና በሦስተኛው ወር መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የመኪናውን የገበያ ግምት ነው። የባንኩ ዕዳ ግን የፈረሙበት ያህል ይቆያል። በመካከል ያለውን ገደል ለመሙላት «ጋፕ» የሚባል ሌላ ኢንሹራንስ ይሸጡልዎታል። ጉድጓዱን የቆፈረውም፣ መሰላሉን የሚሸጠውም አንድ ቤት ነው።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ 199 ዶላሩ የሚከፈለው ለቀሪው 22 በመቶ ነው፤ ያውም ነዳጅ ማደያ ሄደው ጎማውን አየር መሙላት እየቻሉ። መስታወት ላይ የሻንሲ ቁጥር መቅረጽ ሌባን ለማስፈራራት የታሰበ ነው፤ መቅረጫው ዕቃ በጥቂት ዶላር ይገዛል። የቀለም መከላከያው ከልብ ከፈለጉት መኪናውን ከገዙ በኋላ ውጪ ባለ ባለሙያ ሊያሠሩት ይችላሉ፤ ቢያንስ ሲቀባ ቆመው ያያሉ። «ቀድሞ ተሠርቶበታል፣ ማንሣት አይቻልም» ካሉዎት መልሱ ቀላል ነው፦ ዕቃው ይቆይ፣ ክፍያው ይነሣ። እርስዎ አላዘዙትም።

የሰነድ ማዘጋጃው የተለየ ነው። ይህ ክፍያ በየግዛቱ ሕግ ይለያያል። ካሊፎርኒያ 85 ዶላር፣ ኒውዮርክ 175 ዶላር ጣሪያ አድርገውበታል፤ ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ግን ጣሪያ የላቸውም፤ እዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ማየት የተለመደ ነው። ዲለሮች «ለሁሉም ደንበኛ እኩል ነው የምናስከፍለው» ብለው ይህን መስመር ብዙውን ጊዜ አይነኩም። አይከራከሯቸው። ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀንሱልዎት ይጠይቁ። መስመሩ ይቆይላቸው፤ ድምሩ ይውረድልዎት። የሽያጭ ታክስ፣ የባለቤትነት ሰነድና የሰሌዳ ክፍያ የመንግሥት ስለሆኑ ያለ ክርክር ይከፈላሉ።

«ይህን ሁሉ የሚከለክል ሕግ የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ ወር 2023 በፈረንጆች አቆጣጠር ሙሉውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የዲለሮች ማኅበራት ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በጥር 2025 ደንቡን ሻረው። በማታለል ማስታወቂያ ላይ ያለው የቆየው ሕግ አልተነካም፤ የግዛትዎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም አቤቱታ ይቀበላል። ስለዚህ በኢንተርኔት ያዩትን የ38,000 ዶላር ማስታወቂያ ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ነገ ሊቀየር ይችላል።

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። ከቤት ሳልወጣ ከ200 እስከ 300 ማይል ርቀት ውስጥ ላሉ አሥር ያህል ዲለሮች ኢሜይል እጽፋለሁ። ለሻጭ ከመጻፍ ይልቅ ለኢንተርኔት ሽያጭ ኃላፊው ብጽፍ እመርጣለሁ። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ «ይህን ሞዴል፣ በዚህ ደረጃ፣ ከእነዚህ ሦስት ቀለሞች በአንዱ እፈልጋለሁ። ታክስ፣ ሰሌዳ፣ የሰነድ ክፍያና ማንኛውም ተጨማሪ ተጠቃሎ ቁልፍ ተቀብዬ እስክወጣ የምከፍለውን ጠቅላላ ዋጋ በዝርዝር ይላኩልኝ። ከፋብሪካው ዋጋ በላይ ጭማሪ ካለ አልመጣም።» ከአሥሩ አራቱ አይመልሱም። ሦስቱ «መጥተው እንነጋገር» ይላሉ፤ እነሱንም ይተዋቸው። የቀሩት ቁጥር ይልካሉ። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማሳየት ነውር የለበትም፤ እነሱም የሚጠብቁት ያንን ነው።

ሜዳ ላይ ስላለው መኪና ብቻ አይጠይቁ። ከፋብሪካ ወጥተው በመርከብ ወይም በባቡር ላይ ያሉ፣ ለዲለሩ የተመደቡ መኪኖች አሉ። በእነዚያ ላይ ስምዎን አስመዝግበው አምስት ስድስት ሳምንት ቢጠብቁ ያለ ጭማሪ የመግዛት ዕድልዎ ይሰፋል። አሮጌው መኪናዎ ይሄዳል ብለዋል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። መጠበቅ የሚችል ገዢ ሻጭን ያስጨንቃል። ልብዎ በአንድ ሞዴልና በአንድ ቀለም ላይ ካልታሰረ ደግሞ ይበልጥ ይቀልልዎታል። ሆንዳ ሲአርቪ፣ ሀዩንዳይ ቱሳንና ኪያ ስፖርቴጅም ሃይብሪድ አላቸው፤ አንዱ ጋ የጠፋው ሌላው ጋ ይኖራል።

ብድሩን በተመለከተ፣ ወደ ዲለሩ ከመሄድዎ በፊት ከባንክዎ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን (ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) የተፈቀደ ብድር በእጅዎ ይያዙ። ዲለሩ ባንኩ ከሰጠው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ ሊያቀርብልዎት ይችላል፤ ማወዳደሪያ ከሌለዎት አያውቁትም። ሁለት ሦስት ቦታ መጠየቅ የክሬዲት ነጥቤን (አበዳሪዎች ታማኝነቴን የሚለኩበትን ነጥብ) ይጥለዋል ብለው አይፍሩ፤ በ14 ቀናት ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች ለነጥቡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ዋጋው ላይ ከተስማሙ በኋላ የሚገቡባት ትንሽዬ የፋይናንስ ክፍል አለች። ሰው የሚደክመው እዚያ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው እንዳይሄዱ፤ ተኝተው፣ በልተው፣ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። «ይቅርብን» ማለት የሚችል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ወርቅ ነው። የተራዘመ ዋስትና ያቀርቡልዎታል፤ «የሃይብሪዱ ባትሪ ቢበላሽስ?» እያሉም ያስፈራሩዎታል። ከመፍራትዎ በፊት የፋብሪካውን የዋስትና መጽሐፍ ይክፈቱ። ለምሳሌ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። በመጨረሻም ከመፈረምዎ በፊት በኢሜይል የላኩልዎትን ቁጥርና በውሉ ላይ ያለውን ጎን ለጎን አስቀምጠው መስመር በመስመር ያመሳክሩ። «ሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ወሬ ሰምተው ከሆነ፣ ያ የፌዴራል ሕግ ዲለሩ ግቢ ውስጥ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ከፈረሙ መኪናው የእርስዎ ነው።

ቀብዱስ? ደረሰኙን ዛሬ ያውጡት። «ተመላሽ» ወይም «የማይመለስ» የሚል ቃል ይፈልጉ፤ ከጀርባውም ያንብቡ፤ ትንንሽ ፊደል የሚሰፍረው እዚያ ነው። የሽያጭ ውል ካልፈረሙ አብዛኞቹ ዲለሮች ይመልሳሉ። በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ ደግሞ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ክፍያውን መቃወም ይችላሉ። የወሩ መጨረሻም አያስጨንቅዎት። ዲለሮች የሽያጭ ቁጥራቸውን የሚዘጉት በወሩ መጨረሻ ስለሆነ ያን ቀን ከእርስዎ ይልቅ የሚቸኩሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ልጁን ያነጋግሩት። በስልክ ከሚሆን በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ድምፁን ሲሰሙ ይራራሉ፤ አውቅዎታለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። እንዲህ ይበሉት፦

«ወንድሜ፣ ስላደረግህልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። መኪናውን በፋብሪካው ዋጋ፣ በ38,000 ዶላር፣ ከታክስና ከሰሌዳ ክፍያ በስተቀር ምንም ሳይጨመርበት እገዛዋለሁ። የሰነድ ክፍያው የማይቀር ከሆነ ከዋጋው ላይ ይቀነስልኝ። ኃላፊህ ከተስማማ ዝርዝሩን በኢሜይል ላክልኝና ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን። ካልተስማማ ቀብዴን መልስልኝ፤ ቅር አልሰኝም፤ አንተም ቅር አትሰኝ።»

ይህን መልእክት ወደ ኃላፊው ይዞ ቢገባ ለልጁም ውርደት አይደለም፤ ገንዘቡን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ገዢ ይዞ ነው የሚገባው። ምናልባትም ተመልሶ «እሺ ብሏል» ይልዎት ይሆናል። «ጭማሪውን ወደ 2,000 አውርደንልሻል» ካለዎት ግን ያንኑ መልእክት እንደገና ይላኩለት፤ አንድም ቃል ሳይቀይሩ።